ዓሦቹ የጾሙ ጊዜ

ሰቀላ ወረዳ ለጋዜጣ ዘገባ ሰንብቼ ወደ ፍኖተ ሰላም በተመለስኩ ማግስት፣ ጠዋት ሻይ ልጠጣ ወደማዘወትረው ቁርስ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወንበሩን ነው። ወንበሩ ዞሯል። ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ ዓሦቹ አድርጎ ባዶውን ቆሟል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከቤቱ ልጀምር። ቁርስ ቤቱ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ባለቤቷ የሰፈሬ ልጅ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ፊደል የቆጠርነው አንድ ዛፍ ሥር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ዕቃውን አውጥቶ ሲሸጥ፣ ሌላው ሰው ለፍሪጅና ለሶፋ ሲሻማ እሷ አኳሪየም ገዝታ መጣች። እንደ አልጋ የረዘመ የመስታወት ሣጥን ነው። በፍራሽ ጠቅልላ በአይሱዙ አስጭና ስታወርደው ሰፈሩ ተሰብስቦ አየ። "የማን ሬሳ ነው?" ብሎ የጠየቀም ነበር። ውሃ ሞልታ፣ የአየር ሞተሩን ሰክታ፣ ወርቃማና ነጭ ዓሦች ስትለቅበት ግን ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ የቤቱ ስም ቀረና "ዓሣ ቤት" ተባለ። ከደምበጫ በኩል ለጉዳይ የመጣ ገበሬ ስሙን ሰምቶ ይገባና ዓሣ ጥብስ ያዝዛል። የለም ሲሉት መስታወቱን በከዘራው እየጠቆመ "ታዲያ ይኸ ምንድር ነው?" ይላል።

ከደንበኞቹ ሁሉ ከመስታወቱ የማይለዩት አንድ ጡረተኛ ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይመጡና ያቺን ወንበር ይይዛሉ፤ ስኳር ስላለባቸው ጾምም ቢሆን ሻይ ይፈቀድላቸዋል፣ ያለ ስኳር። ከዚያ እስከ ቀትር ዓሣ ያያሉ። መስታወቱን በጣታቸው እንኳ ነክተው አያውቁም።

አንድ ቀን "ምኑን ነው እንዲህ የሚያዩት?" ብያቸው ነበር።

"አየህ፣ እኔ በመስታወት ውስጥ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣብኛል። ላም፣ ጋሪ፣ ያንቀላፋ ሾፌር። በዚህኛው መስታወት ምንም አይመጣብኝም።"

እና ያን ጠዋት ወንበሩ ዞሮ፣ ጋሼ የሉም።

"ጋሼ የት ሄዱ?" አልኳት ባለቤቷን።

"ቡሬ፣ ልጃቸው ጋ ሄደዋል አሉ።"

"በደኅና?"

"እኔ ምን አውቄ።" ይህን እያለች የጸዳ ጠረጴዛ ትወለውላለች። በሙያዬ ካየሁት፣ የጸዳ ጠረጴዛ የሚወለውል ሰው የሚናገረው ነገር አለው። ጠበቅኋት። ጨርቁን አስቀመጠችና ተቀመጠች።

እኔ ሰቀላ ሳለሁ ዓሦቹ መሞት ጀምረዋል። መጀመሪያ ነጯ ሞተች። በዋዜማው ጋሼ "ይቺ ነጯ እንዴት ታምራለች!" ሲሉ ከጎናቸው የነበረው ልብስ ሰፊ ሰምቷል። "ክፉ አይንካት" አላሉም፤ "እንትፍ" አላሉም። ቀጥሎ ቀይና ነጭ የሆነው ሞተ። ልብስ ሰፊው በቀልድ ጣል ያደረጋትን ነገር ሌላው ሰው በቁም ነገር አነሣት፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ ከተማው የጋሼን ዓይን ያወራ ጀመር።

"እና ከወንበራቸው አስነሣሻቸው?"

"አፌ ይቆረጥ! አንዲት ቃል አልተናገርኳቸውም። ወንበሩን ብቻ ነው ያዞርኩት።"

ለጎጃሜ ወንበር አዙሮለት ቃል መጨመር ትርፍ ነው። ጋሼ ገብተው ወንበሩን አይተዋል። መልሰው አላዞሩትም። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ሻያቸውን ጠጡ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ተነሡ፤ በማግስቱ ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ታዩ።

በዚህ አገር በዓይን የታማ ሰው ምን እንደሚደርስበት የማያውቅ አንባቢ ካለ በአጭሩ ልንገረው። ክስ የለም፣ ችሎት የለም፣ ስለዚህ ይግባኝም የለም። ሲያልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ማዕድ ላይ ሲደርስ ሌማቱ ይከደናል። ማንም ክፉ ቃል አይናገረውም፤ በትሕትና ብቻውን ይቀራል። ብቻቸውን የቀሩት ሽማግሌ ደግሞ በከተማው ከዚያች ወንበር ሌላ የሚሄዱበት ቤት አልነበራቸውም።

"ዓሦቹን የገደላቸው ምን እንደሆነ ካረጋገጥኩ፣ አንቺው ራስሽ ቡሬ ሄደሽ ታመጫቸዋለሽ" አልኳት።

"ዓይን ከሆነስ?"

"ዓይን ከሆነ እዘግበዋለሁ።"

ሳቀች። ከዚያ ዓሦቹን ለማየት ተነሣሁ።

ውሃው በስሱ የተበጠበጠ አጃ መስሏል። የቀሩት ዓሦች ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሁዳዴ ነበርና ደንበኞቹ ነገሩን ተርጉመውታል።

"ይጸልያሉ እኮ" አለኝ ልብስ ሰፊው ከኋላዬ ቆሞ። "ሽቅብ አንጋጠው፣ አየሃቸው? ጾሙ ከገባ ወዲህ ነው እንዲህ የሆኑት።"

"ሲጸልዩ ይሞታሉ እንዴ?"

"እንግዲህ ጸሎታቸው ተሰምቶ ይሆናል።"

ባሕር ዳር የዓሣ ጤና የምታጠና አንዲት ዶክተር አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ጣና ስጽፍ ብዙ ያስረዳችኝ ሰው ናት። እዚያው ቆሜ ደወልኩላት።

"ሞቱ ወይስ እየሞቱ ነው?" አለች።

"ሁለቱም።"

"ደግ ነው። በሕይወት ያለ ታካሚ አለን ማለት ነው። እኔ እጠይቃለሁ፣ አንተ ያየኸውን ብቻ መልስ። ሰውነታቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አለ?"

"የለም።"

"ጥጥ የመሰለ ነገር በቅሎባቸዋል? ሆዳቸው ተነፍቷል? ቅርፊታቸው ቆሟል?"

"አንዱም የለም።"

"ክንፋቸውስ?"

"ጎናቸው ላይ አጣጥፈው ይዘውታል።"

"ስንጥባቸውን እየው፤ ከጭንቅላታቸው ጎን የሚተነፍሱበትን።"

ባትሪ አበራሁ። "ቀልቷል። ቶሎ ቶሎ ይከፈታል።"

"የት ነው የሚውሉት?"

"ከላይ። አፋቸውን አውጥተው። እዚህ ያሉት ሰዎች ይጸልያሉ ይላሉ።"

ስልኩ ውስጥ ረዘም ያለ ሳቅ ሰማሁ። "ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። ስማ፣ ዓሣ ታመመ ሲሉህ መጀመሪያ ውሃውን መርምር። እኛ የምንተነፍሰውን አየር አናየውም፤ እነሱም የሚኖሩበትን ውሃ መርጠው አልገቡበትም። የመለኪያ ዕቃ በሚኒባስ እልክልሃለሁ። እስከዚያ መብራት ይጠፋባችሁ እንደሆነ ጠይቅ። ሞተሩ ሲቆም አየር ያጥራቸዋል።"

ጠየቅሁ። መብራት ይጠፋል፤ የማይጠፋበት ከተማ ቢኖር እሱ ራሱን የቻለ ዜና ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ዓሣ በሞተበት ሰሞን መብራት አንዴም አልጠፋም፤ ይህን ወፍጮ ቤቱም ብየዳ ቤቱም አረጋገጡልኝ። ቀጥዬ የቧንቧውን ውሃ ጠረጠርኩ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሰንብቶ ሲመጣ መድኃኒቱ ይሸታል። ባለቤቷ ግን ይህን ድሮ ነው የነቃችበት፤ የቧንቧውን ውሃ በቀጥታ አታስገባም። ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ አሰንብታ ነው የምትጨምረው።

የመለኪያው ዕቃ መጣ፤ ትንንሽ ብልቃጦች፣ ጠብታ መድኃኒቶችና የቀለም ካርድ። ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋው ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ሻዩን ይዞ መጣ።

"የወባ ምርመራ ነው?" አለ አንድ የባጃጅ ሾፌር።

"የውሃ ነው።"

"ውሃም ታመመ?"

ሦስት ብልቃጥ ሞላሁ፤ አንዱን ከቧንቧው፣ አንዱን ከሮቶው፣ አንዱን ከመስታወቱ። ሦስት ምስክር ለየብቻ እንደመጠየቅ ነው። የምንፈልገው አሞኒያ የሚባለውን ነው፤ ከዓሣ ዓይነ ምድርና ከበሰበሰ ምግብ የሚወጣ፣ ስንጥባቸውን የሚያቃጥል መርዝ። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ጠብታው ቢጫ ይሆናል፤ እየቆሸሸ በሄደ ቁጥር ይለመልማል።

የቧንቧው ቢጫ ሆነ። የሮቶው ቢጫ ሆነ። የመስታወቱ ግን እያየነው አረንጓዴ፣ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከዚያ የተቀቀለ ጎመን መሰለ።

"የመስታወቱ አሸነፈ!" አለ የባጃጁ ሾፌር።

ልብስ ሰፊው መደርደሪያው ላይ ወዳለች ጠርሙስ አመለከተ። አንዲት እናት ከግሽ ዓባይ ያመጡት ጠበል ነው፤ ባለቤቷ ለዓሦቹ ሲኒ ሙሉ አፍስሳላቸው ነበር። "እሱንስ አትለካውም?"

ሁሉም እኔን አየኝ።

"እሱን አልለካም" አልኩ። "አንድ ሲኒ ይህን ሁሉ ውሃ አይለውጥም።" ሰዉ ተነፈሰ። ጋዜጠኛም የሚያቆምበት ቦታ አለው።

እንግዲህ መርዙ ከውጭ አልመጣም። እዚያው መስታወቱ ውስጥ አንድ ነገር እየበሰበሰ ነው። ወደ ባለቤቷ ዞርኩ።

"ምን ታበያቸዋለሽ?"

"አሁንማ እየጾሙ ነው።"

መጀመሪያ የቀለደች መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። የዓሦቹ መኖ ከደረቀ የባሕር ፍጥረት የተፈጨ ነው፤ ሽታው የሥጋ ነው። በሁዳዴ በዚያ እጄ የጾም ፍትፍት አላቀርብም ብላ መኖውን ጾሙ እስኪፈታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። በምትኩ ዓሦቹ እንደ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆዩና በሶ ይቀርብላቸዋል። በትንሽ በትንሹ እያድበለበለች ነው የምትጥልላቸው።

"በሶ!" አልኩ።

"ማር የለበት፣ ቅቤ የለበት። ንጹሕ የገብስ በሶ። ምነው፣ የነነዌ እንስሳት ጾመው የለም እንዴ?"

ይህን ስትል ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና በአቅራቢያችን ካለው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩት የኔታ ለሻይ ገብተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቷ ፍርድ ፍለጋ ወደሳቸው ዞረች።

"የኔታ፣ ይፍረዱኝ እስቲ። የነነዌ ከብት ሳይቀር ጾሟል አይደል?"

የኔታ ሻያቸውን ቀስ ብለው አማሰሉ። "ጾሟል፣ ልጄ። ሦስት ቀን ምንም ሳይቀምስ ነው የጾመው። በዘጠኝ ሰዓት በሶ ያቀረበለት ግን አልሰማሁም።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"ስለ ዓሣ ከጠየቅሽኝ ደግሞ" አሉ ሳቁ ጋብ ሲል፣ "ጾሙን የሚያውቅ አንድ ዓሣ ነበር። ዮናስን ያህል ጉርሻ ሦስት ቀን በሆዱ ይዞ አልፈጨም። ከዚያ ወዲህ ከዓሣ ወገን ጾም የሚፈለግበት ያለ አይመስለኝም፤ እሱ ለሁሉም ጾሞላቸዋል።"

ለዶክተሯ መልሼ ደወልኩና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። በሶ የሚለውን ስትሰማ "ወይኔ" አለች። ቀጥላ ግን አንድ ነገር አልጥም አላት። "በቀን አንዴ የሚጣል ትንሽ በሶ ብቻውን ውሃውን እስከዚህ አያደርሰውም። ሌላ የሚጥልላቸው ሰው አለ?"

"ማንም የለም" አለች ባለቤቷ። "ደንበኞቼ እንዳይነኩ ያውቃሉ።"

ደንበኞቿን አየሁ። ልብስ ሰፊው ጣሪያውን ያያል። ሰዓት ጠብቆ የማይጾም አንድ የሒሳብ መምህር በስልኩ ተጠምዷል። የባጃጁ ሾፌር ባጃጁ ትዝ አለችው።

"ሥሩን አውጥታችሁ እዩት" አለች ዶክተሯ።

ላስቲክ ቱቦ አመጣን። አንዱን ጫፍ መስታወቱ ሥር ካሉት ጠጠሮች ላይ አሳርፈን፣ ሌላውን ባልዲ ውስጥ አድርገን ውሃውን ሳብነው። ባልዲው አፍ ላይ የዱቄት ወንፊት አስቀመጥን። ሽታው ሲወጣ የኔታ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። ጠቅላላው ሰው ወንፊቱ ላይ አጎነበሰ።

መጀመሪያ የበሶ ጭቃ መጣ። ከዚያ ባቄላ መጣ፤ የፉል ባቄላ፣ አብጦ አውራ ጣት ያህላል። ከዚያ የገብስ ቆሎ። ከዚያ የዳቦ ልብ። ከዚያ ፈንዲሻ።

ባለቤቷ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ይኸ ባቄላ የማነው?"

ዓይኗን በየሰዉ ላይ አዞረች።

"በዚህ ቤት በጠዋት ፉል የሚበላ አንድ ሰው ነው ያለው።"

"አንቺው ነሻ የዓሦቹን ጾም ያመጣሽው!" አለ ልብስ ሰፊው ፊቱ ቀልቶ። "ጾሙን በሰዓት አልችለውም፣ ጨጓራዬን ታውቂያለሽ። ፉሌን ስጎርስ እነሱ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ጾመኛ ፊት መብላት ነውር አይደለም? አንዲት ፍሬ ጣል ባደርግ ምን አለ?"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ ነው እኮ የሚያዩኝ!"

ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቆሎው የመምህሩ ነው፤ "በጣም ጥቂት፣ ለናሙና" አለ። ዳቦው የባጃጁ ሾፌር ነው። ፈንዲሻው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ጥርጣሬ አለኝ፣ ማስረጃ ግን የለኝም። ሁሉም የዓሦቹን ጾም በስውር የሚያስፈታው እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። ሁሉም ስለራራላቸው ዓሦቹ ውሃ ውስጥ ታፍነው ሊያልቁ ነበር። ያ ጸሎት የተባለውም፣ ልመና የተባለውም የአፍ መከፈት የአየር ጥማት ነበር።

"አሁን ምን ይሁን?" አልኩ ስልኩን ወደ አፌ አቅርቤ።

"ከውሃው ሲሶውን አውጥታችሁ በሰነበተ የሮቶ ውሃ ተኩ፤ በማግስቱም እንደዚያው። ባንዴ ሁሉንም አትቀይሩት፣ ይደነግጣሉ። የሞተሩን ስፖንጅ በዚያው ባወጣችሁት ውሃ እጠቡት፣ በኦሞ እንዳታደርጉት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለጥቂት ቀን ምንም አታብሏቸው።"

"ምንም?" አለች ባለቤቷ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ።

"ምንም።"

"ይጹሙ ማለትሽ ነው?"

"እ… አዎ። ይጹሙ።"

"አላልኳችሁም!" ብላ እጇን ስታጨበጭብ የኔታ ሻያቸው ትን አላቸው።

ዓሦቹ እውነተኛውን ጾም ጾሙ። መስታወቱ ክዳን ተበጀለት፤ ክዳኑ ላይ ልብስ ሰፊው በገዛ እጁ የሰፋው ጨርቅ ተደረገ። በየቀኑ ውሃውን እለካ ነበር፤ ጎመን የነበረው ጥቁር አረንጓዴ፣ ከዚያ ለጋ አረንጓዴ፣ በኋላ ቢጫ ሆነ። አንድ ዓሣ በመሀል ሞቶብናል፤ እሱን መደበቅ አልችልም። የቀሩት ግን ወደ ታች ወረዱ፣ ክንፋቸውን ዘረጉ፣ ጠጠር ማገላበጥ ጀመሩ።

ቢጫው የታየ ዕለት ባለቤቷ ብልቃጡን በብርሃን ላይ አድርጋ ለረዥም ጊዜ አየችው።

"ሰውዬውን በደልኳቸው" አለች።

"አዎ።"

"'ኧረ እንዲህ አትበይ' አይባልም እንዴ?"

"በድለሻቸዋል እኮ።"

መንገዱ ሰላም በነበረበት ቀን መርጠን ወደ ቡሬ ተሳፈርን። ይቅርታ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ያባቶቻችን ወግ እንደሆነ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ድንጋዩን ከጫንቃው የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው። እሷም ድንጋይ አልጠፋትም፤ መስታወቱን ስናጸዳ ከሥሩ አውጥተን ባልዲ ውስጥ ያቆየነውን ለስላሳ ግራጫ ድንጋይ በነጠላ ቋጥራ ይዛለች። የሚኒባሱ ረዳት ሲያነሣላት ክብደቱ አስደነገጠው።

"ምንድን ነው ይኸ?"

"ጥፋቴ ነው።"

"ለጥፋት መጫኛ ቦታ የለንም፣ እናቴ፤ ጭንሽ ላይ ያዢው።"

የጋሼ ልጅ ቡሬ ላይ በርበሬ ነጋዴ ናት። ግቢዋ ሙሉ ለሙሉ ቀይ ነው፤ የተሰጣው በርበሬ ከደጁ እስከ ቤቱ ደፍ ይደርሳል። ገና ሳንገባ አስነጠስን። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ጓደኛዬን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"አባቴን ቡዳ ያደረግሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ" አለች።

ልጅቱ ክርክር ጠብቃ ነበር መሰለኝ፣ መልሱ አፏን አስያዛት። መንገድ ለቀቀችልን። ጋሼ ከቤቱ ጥላ ሥር መደብ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ደኅና ነዎት ጋሼ? ያለቅሳሉ እንዴ?" አልኳቸው።

"በርበሬው ነው። ክፉ ዓይን ያለበት ሰው ቡሬ ይምጣ፤ ቀኑን ሙሉ ሲታጠን ይውላል።" ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን እንደ ድሮው አልቆየም።

ጓደኛዬ ነጠላዋን ፈታች። ድንጋዩን ጫንቃዋ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። በአንገቷ በኩል አንዳች አረንጓዴ ነገር ይወርዳል፤ ድንጋዩ ገና ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ጋሼ ድንጋዩን አዩት። እኔን አዩኝ።

"ከመስታወቱ ውስጥ ነው?"

"ከሥሩ ነው" አልኩ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ" አለች ከተጎነበሰችበት። "ወንበር አዞርኩብዎት። ዓሦቹን የገደልናቸው እኛው ነን። እኔ በበሶ፣ እነዚያ ደግሞ በባቄላና በቆሎ።"

"አውቃለሁ።"

ቀና አለች። "ምኑን ያውቃሉ?"

"ስትጥሉ አይቻለሁ እኮ። ጠዋቱን ሙሉ እዚያ ተቀምጬ ምን የማየው ነበር? ልብስ ሰፊው ዞር ዞር ብሎ አይቶ ባቄላውን ጠብ ያደርጋል። መምህሩ የሚያስል መስሎ ቆሎ ይጥላል።"

"ታዲያ ሰዉ እንዲያ ሲያማዎት ለምን አልተናገሩም?" አልኩ እኔ።

"ምን ብዬ? እገሌ ለተራበ ፍጥረት አጎረሰ ብዬ ልክሰስ? ዓሣ ጠግቦ ይሞታል ብዬ መች አሰብኩ። ከባድ መኪና የነዳ ሰው ደግሞ ያየውን ሁሉ አይናገርም።" ተነሡና ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከጫንቃዋ አወረዱት። "ይቅር ለእግዜር። በይ ተነሺ፣ ልብስሽ ተበላሸ።"

ልጅቱ ምሳ ካልበላችሁ ብላ አስቀመጠችን። ጓደኛዬ ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባች፤ ዛሬውኑ አብረውን ይመለሱ። ጋሼ እጃቸውን ታጥበው በፎጣ እያደረቁ ቆዩ።

"አንቺስ ይቅር ይበሉኝ አልሽኝ፣ እኔም ይቅር አልኩሽ። ከተማው ግን?" አሉ። "ወሬ እንደ ፍሬን አይደለም፤ ረግጠሽ አታቆሚውም። በመንገድ ሳልፍ አንዲት እናት ልጇን ብትሸፍንብኝ… እዚህ ማንም አያውቀኝም። እዚህ እንዳሻኝ አያለሁ።"

ያረጋገጥኩት የውሃውን ነገር ነው፤ ስለ ከተማው ምንም መለኪያ አልነበረኝም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ ልጃቸውን ካፖርታቸውን እንድታመጣ ላኳት።

"ካልሆነ እመለሳለሁ" አሉ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ጋሼ ከመስኮቱ ቀጥሎ ባለው ወንበር፣ እኔና ጓደኛዬ ከኋላቸው ተቀመጥን። ልንንቀሳቀስ ስንል አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ዘንቢልና ለፋሲካ የሚሆን ዶሮ ይዛ ገባች። አወቅኋት። የፍኖተ ሰላም ሰው ናት፤ ቤቷ ከልብስ ሰፊው ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወሬው ያልደረሳት ልትሆን አትችልም። የወንፊቱ ነገር ደርሷት እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። ጓደኛዬ ክርኔን ጨበጠች።

ሴትየዋ ከጋሼ ጎን በቀረችው ቦታ ተቀመጠች። ዶሮው ዘንቢሉን ለቆ እግር ሥር ገባ። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ በጋሼ ጭን ላይ አኖረችውና ዶሮውን ለመያዝ ጎንበስ አለች።

ጋሼ ሕፃኑን በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙት። ፊታቸውን ግን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መኪናው ከቡሬ ወጣ፤ ማሳው፣ ባሕር ዛፉ፣ የጭድ ክምሩ ያልፋል፤ እሳቸው ወደ ውጭ ያያሉ። ሕፃኑ የካፖርታቸውን ኮሌታ ጨምድዶ ይዞ አገጫቸውን ሽቅብ ያያል።

እናቱ ዶሮውን አስራ ቀና አለች።

"አባባ፣ ይዩት እንጂ" አለች። "እርስዎን እኮ ነው የሚያየው።"

ጋሼ ቀስ ብለው ዞሩና አዩት። ሕፃኑ ድድ ብቻ በሆነ አፉ ሳቀ።

"እንትፍ፣ እንትፍ" አሉ በዝግታ። "እደግ። እንዴት ታምራለህ፣ አንተ!"

ማንኩሳ ከመድረሳችን በፊት ሕፃኑ የካፖርታቸውን ቁልፍ አፉ ውስጥ ከቶ ነበር፤ እናቱም ጭንቅላቷን የፊተኛው ወንበር ላይ ደፍታ እንቅልፍ ወስዷታል።